ያልጻፍኩትን የሚጠብቅ መልስ

ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ... እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ነው። ሁሉም ምሳ ወጥቶ ቢሮ ውስጥ እኔና አለቃዬ ብቻ ቀርተናል።

ሥራችን አምስት ከተማ ያሉ አምስት ማሽኖች መልእክት እንዲቀባበሉ ማድረግ ነው። እኛም የምንጻጻፈው በእነሱ ነው። የማሽን ሰዓት ይዋሻል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው የምንልከው ሁሉ ተራ ቁጥር አለው። መልስ ከጥያቄው ቀድሞ ከደረሰ፣ ጥያቄው እስኪመጣ ወረፋ ይይዛል።

ይህን ያስተማረኝ እዚሁ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ነው። በቁመቴ እያላገጠ “ቀጭኔ” ይለኝ ነበር።

ከወር በፊት አምስተኛው ማሽን ተበላሸ። ሄዶ የመጠገን ተራው የእኔ ነበር። “አልሄድም” አልኩ። ተጣላን። የመጨረሻው መልእክቴ ቁጥር 411 ነው።

“ዓይንህን አያሳየኝ!”

እሱ ሄደልኝ። መኪናው ተገለበጠ።

ዓይኑንም አላየሁት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እንግዲህ በዚያ የምሳ ሰዓት የመልእክቱን ወረፋ ስከፍት... አንድ መልእክት ቆሟል።

ከማሽን አምስት። ላኪው ወንድሜ።

“ቁጥር 412ን በመጠበቅ ላይ” ይላል።

412 የሚባል ለእሱ አልጻፍኩም።

“ጋሼ...” አልኩ አለቃዬን በሹክሹክታ። “ስንት ማሽን ይታይዎታል?”

“አራት ነዋ።” ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። “...አምስት?”

“አምስተኛው እኮ ተነቅሎ መጥቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።”

“ሰክተሽው ነው?”

“ገመዱ መሳቢያ ውስጥ ነው።”

“በይ እንዳትነኪው። በፈጠረሽ!”

ከዚህ የባሰ ምን ይመጣብኛል? ጻፍኩ።

“ይቅር በለኝ፣ ወንድምዬ።”

ላክሁ... 412።

ወዲያው መልሱ ከወረፋው ወጣ።

“ደርሶኛል ቀጭኔ። ድሮስ መች ተቀየምኩሽ?”

የተጻፈበት ሰዓት የሞተ ቀን ጠዋት ነው። መኪና ውስጥ ሳይገባ።

የማሽን ሰዓት ይዋሻል ብያችኋለሁ። ይህን ግን እውነት ባደረገው ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ጋሼ ትከሻዬን ይዘው ቆሙ።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል... ወረፋው ላይ ሌላ መልእክት ቆሟል።

ከእሱ ነው። 413ን ይጠብቃል።

እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ባይመጣስ?

ገመድ የሌለው ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ ነው... አረንጓዴ መብራቱ በርቶ።