በዘፋኟ ጆሮ ውስጥ የተጠራው ስሜ

ሰዎች ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ አንድ ነገር ጠርቶኝ ጠፋ ሲሉኝ ፊታቸው ላይ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ካላመናችሁ እዚህ ጅዳ ጉለይል ሰፈር አብረውኝ የሚኖሩትን ሴቶች ጠይቋቸው፣ አምስት ሆነን በአንድ ክፍል ስንኖር አንዷ መታጠቢያ ቤት ገብታ «የሆነ ነገር ነካኝ» ብላ ስትወጣ «የነካሽ የሰሚራ ፎጣ ነው፣ ተመልሰሽ ታጠቢ» የምላት እኔ ነኝ። አሁንም አመንኩ አላልኩም። የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ፣ እናንተ የፈለጋችሁትን ስም ስጡት።

መጀመሪያ ግን የእኔን ስም ማወቅ አለባችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም እታለም ነው፣ ፓስፖርቴ ላይ ግን ራሕመት ነኝ፣ ደላላው «የክርስቲያን ስም ከሆነ ጉዳይሽ ይጓተታል» ሲለኝ እሺ አልኩና ተለወጠ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የመጣነው፣ ማተቤንም ፈትቼ ሻንጣዬ ገበር ውስጥ ሰፋሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጅዳ ከገባሁ በኋላ በስሙ ያስመጣኝ አሠሪ፣ ከፊሌም፣ ሥራ ቤትም፣ አብረውኝ የሚኖሩትም የሚያውቁት ራሕመትን ነው። በዚህ አገር እታለም ብላ የምትጠራኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷም ሐዋ ናት።

ሐዋ የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ልጅ ናት፣ ኮምቦልቻ ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው፣ በአንድ ቀን በአንድ አውሮፕላን መጥተን እኔ ጅዳ ቀረሁ፣ እሷ መካ ሰው ቤት ገባች። ስንነሳ እትዬ ዘይነባ እጄን ይዘው «ታላቋ አንቺ ነሽ፣ ልጄን አደራ» አሉኝ፣ እኔም ተቀብያለሁ አልኩ። ዓርብ ዓርብ ትደውልልኝ ነበር። ከዚያ አንድ ዓርብ በሹክሹክታ «ማዳሟ ስልኬን ልትወስድብኝ ነው፣ በሩንም ከውጭ መቆለፍ ጀምራለች፣ ድምፄ ከጠፋ መጥተሽ አውጪኝ እታለም» አለችኝና መካ ዑተይቢያ ሰፈር ያለውን ቤት ሎኬሽኑን ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ስልኳ ዝግ ሆነ።

መጥተሽ አውጪኝ ማለት ቀላል ነው፣ በየት በኩል ልምጣ? መካ ሙስሊም ያልሆነ አይገባም። «ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ፣ ራሕመት አይደል እንዴ የሚለው፣ ማን ያውቅብሻል» ያሉኝ አሉ፣ እኔ አውቃለሁ አልኳቸው፣ ሰው የሚሰግድለትን ቦታ በውሸት አልረግጥም፣ ደግሞ እውነቱን እናውራ ካላችሁ ፈርቼም ነው። እዚያ የምትሄድ አንዲት ጎረቤቴን ሁለቴ ለምኛት ሁለቴም አንኳኩታ የሚከፍትላት አጣች። እትዬ ዘይነባ ሲደውሉ «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» እላቸዋለሁ፣ ስልኩን ስዘጋው ራሴን እጠላዋለሁ።

ዘፋኟ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ስሟን አልጠራም፣ ብጠራው ታውቋታላችሁ፣ ሶል የሚሉትን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን የምትዘፍን ስድሳ ዓመት ያለፋት ጥቁር ሴት ናት፣ ዓለምን እየዞረች ነበር፣ ዱባይ ዘፍና ወደ ጅዳ፣ ከጅዳ ካይሮ፣ ከዚያ አውሮፓ፣ በየደረሰችበት አንድ ምሽት እየዘፈነች የምታልፍ። እኔ ፔትሮሚን አካባቢ ልብስ እጥበት ቤት ተኳሽ ነኝ፣ የመድረክ ልብሷን የሚተኩስ ሰው ሲፈለግ ወሬውን ያመጣልኝ ኑሩ ነው። ኑሩ ጅዳ ተወልዶ ያደገ የሀበሻ ልጅ ነው፣ ሠላሳውን ያለፈ፣ አማርኛው ግማሹ ዐረብኛ፣ ድምፅ ከሚያስተካክሉት ሰዎች ጋር ገመድ ይዘረጋል። ደግ ሰው ነው፣ እኔን ደግሞ ደግ ሰው ያሳስበኛል፣ ይሄ ሁሉ ተኳሽ እያለ ለምን እኔን አልኩት። «ያላ ራሕመት፣ ትሠሪያለሽ አትሠሪም?» አለኝ። ሄድኩ።

ሐሙስ ቀን ነው። ከመድረኩ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጡኝ፣ ሰባት ቀሚስ ተሰቅሏል፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ዶቃው ካውያ ከነካው የሚቀልጥ፣ ገልብጬ በእንፋሎት ብቻ ነው የማነሳው። ግድግዳው ላይ ትንሽ ስፒከር አለች፣ ተረኛ እንዳያመልጠው መድረክ ላይ የሚባለውን ሁሉ ወደ ክፍሎቹ የምታመጣ፣ እሷ ላይ ነው የዘፋኟን ልምምድ የሰማሁት። ቃሉን አልሰማውም፣ ግን እመኑኝ፣ ያቺ ሴት ድምፅ ስታወጣ ካውያዬን አስቀምጬ ቆምኩ፣ ሦስት ወር ሙሉ ያላለቀስኩት እንባ መጣ። እሷ ታወጣለች፣ ሦስት ሴቶች ይቀበሏታል፣ ልክ እኛ አገር መንዙማ ላይ እንደሚቀበሉት።

ከዚያ አራተኛ ድምፅ ሰማሁ። ሦስቱ ከጨረሱ በኋላ ትንሽ ዘግየት ብላ የምትቀበል፣ ቃል የሌላት፣ እንደ ማቃሰት ነገር። ማሚቶ ነው አልኩ፣ አዳራሹ ባዶ ነው። ቀጥሎ ዘፈን በሌለበት ጉሮሮ ሲጠረግ፣ ሸበጥ ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማኝ። አሁንም ማይክ ክፍት ትተው ነው ብዬ መተኮሴን ቀጠልኩ፣ እኔ መቼም መልስ አላጣም።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲደርስ ልምምዱ ቆመ፣ ድምፁን አጠፉት፣ የስፒከሯም መብራት ስትጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዉ ለሶላት ወጣ፣ ኮሪደሩ ጭር አለ። ያ የሸበጥ ጉተታ ተመልሶ መጣ፣ ከጠፋችው ስፒከር ውስጥ፣ ሲቀርብ ሲቀርብ ቆየና ቆመ። «እታለም» አለችኝ።

አሁን እዚህ ላይ ስሙኝማ። በእኛ አገር ጠሪሽን ሳታዪ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይባልም፣ ሦስት ጊዜ እስኪጠራሽ ትጠብቂያለሽ፣ ያ ነገር ሦስት ጊዜ መጥራት አይሆንለትም ይባላል፣ አቤት ካልሽው ግን የአንቺ የሆነ ነገር ይዞ ይሄዳል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል፣ እናቴ በዚሁ ስንቴ ቆንጥጣኛለች። እኔ ግን ቀልድ ነበር የሚመስለኝ፣ ደግሞስ ሦስት ወር ሙሉ የናፈቅኩት የሐዋ ድምፅ ነው፣ ቆጥሬ ልጠብቅ? «አቤት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

«መጣሽ?» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ሸበጡ ሲሮጥ ሰማሁ፣ የብረት በር ተከፈተ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ወንበር ላይ ወጥቼ ስፒከሯን ዳሰስኳት፣ ሞታለች፣ ቀዝቃዛ ናት። ሐዋ፣ ሐዋ እያልኩ ግድግዳ ሳናግር ቆየሁ።

ሰዎቹ ከሶላት ሲመለሱ ዘፋኟ ጆሮዋ ውስጥ የምታደርጋትን ማዳመጫ በእጇ ይዛ ከመድረክ ወረደች፣ ለካ እሷ ሳትወጣ እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። «አንዲት ሴት ጆሮዬ ውስጥ እያወራች ነው፣ አውጡልኝ» ትላለች፣ ኋላ ኑሩ እንደነገረኝ። የድምፅ ኃላፊው ማይኮቹን በሙሉ አየ፣ ሁሉም ዝግ ናቸው። ምን አለች ብለው ሲጠይቋት፣ ጆሮዋ የዘፋኝ ጆሮ አይደል፣ ያንን ድምፅ ከነቅላፄው ደገመችላቸው፣ «እታለም። መጣሽ?» ስትል የኮምቦልቻዋ ሐዋ ፊቴ የቆመች መሰለኝ።

ኑሩ ዞሮ አየኝ። «ይሄ አማርኛ ነው፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የምታወራ ሴት ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። ስልኬን ተቀብለው ፈተሹ፣ ክፍሌን ገለባበጡ፣ እንደ ሌባ ነው ያዩኝ። «እታለም ማናት?» አለኝ ኑሩ። አላውቅም አልኩት፣ በልቤ ግን አንተ ነህ አልኩ፣ ስሜን የሆነ ቦታ አግኝተህ፣ በእነዚያ ገመዶችህ አንድ ነገር ሠርተህ ልታሳብደኝ ነው፣ ለዚህ ነው ሥራውን ያመጣህልኝ። እሱ እኔን ይጠረጥራል፣ እኔ እሱን።

ዘፋኟ ግን ሁሉንም አስወጥታ እንዲያስተረጉም ኑሩን ብቻ አስቀረችው። ፊቷ ላይ ድካም አለ፣ ግን ዓይኗ ይመረምራል። «አያቴ ያስተማሩኝ ነገር ነበር፣ ጠሪሽን ሳታዪ ስምሽ ከተጠራ እንዳትመልሺ ይሉኝ ነበር» አለች። «ጆሮዬ ውስጥ ላወራችው ሴት እኔ አልመለስኩላትም። አንቺስ?»

ከባሕር ማዶ የመጣች ሴት የእናቴን ነገር ነገረችኝ። «እኔም አልመለስኩም» አልኳት። ረጅም ጊዜ አይታኝ ለኑሩ አንድ ነገር አለችው። ምን አለች ስለው «ምንም» አለኝ።

ማታ ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ አየኋት። ያንን ዘፈን ስትጀምር ለሦስቱ ሴቶች በእጇ ዝም በሉ አለቻቸው፣ ብቻዋን ዘፈነችው፣ መቀበያው ጋ ስትደርስ ቆም ትላለች፣ ሕዝቡ ይጠብቃል፣ ማንም አይቀበላትም፣ ትቀጥላለች። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፣ እሷ ግን የቆምኩበትን ጥግ ነበር የምታየው። በማግስቱ ጠዋት ዕቃቸውን ጭነው ወደ ካይሮ ሄዱ።

በዚያው ዓርብ ቀን፣ ባላምነውም ሌላ ሰው የለኝምና ለኑሩ ሁሉንም ነገርኩት፣ ስሜንም፣ ማተቤንም፣ ሐዋንም። ሰማኝና መኪናውን አስነሳ። ከመካ መግቢያ ኬላ በፊት ያለ ማደያ ላይ አወረደኝ፣ እሱ በሎኬሽኑ ወደ ዑተይቢያ ሄደ። ሳያወርደኝ በፊት መንገድ ላይ «ትናንት ዘፋኟ ምን ነበር ያለችህ?» ስለው «ወላሂ ልነግርሽ አልፈለግኩም፣ ይቺ ሴት መልሳለች ነው ያለችው» አለኝ።

ሦስት ሰዓት ጠበቅኩት። ሲመለስ ከመኪናው አልወረደም። «ሐዋ የለችም» አለኝ። «ማዳሟ አንቺን ነው የምትረግመው። ትናንት በዐስር ሶላት አንዲት ሀበሻ በሩ ላይ ቆማ ጠራቻት፣ ሐዋም እየሮጠች ወጣች፣ አብረው ሄዱ ትላለች። ቁልፉ ማዳሟ ኪስ ውስጥ ነበር፣ በሩን ማን እንደከፈተው አታውቅም።»

«ሀበሻዋ ስሟን ተናገረች?»

«ሐዋ ናት የተናገረችው። እታለም፣ እታለም እያለች ነው አሉ የወጣችው።»

በሩ ላይ ካሜራ አላቸው፣ የቀረፀውን በስልኩ አንስቶ አምጥቶልኛል። ሐዋ ናት፣ ከስታለች፣ አባያ ከለበሰች ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ፣ የሴትዮዋ ፊት አይታይም፣ ጀርባዋን ነው። ኑሩ «አንቺ ነሽ?» ሲለኝ ትናንት በዚያ ሰዓት የት እንደነበርኩ እሱ ራሱ እያወቀ ነው። ምን ልበለው፣ ማን የራሱን አካሄድ ከኋላው አይቶ ያውቃል? እስካሁን ደጋግሜ አየዋለሁ፣ አንዳንዴ ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል እላለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ትከሻዋ የእኔ ነው። አንዳንዴም ኑሩ ራሱ ሐዋን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቶ ይሄንን ያቀናበረው ይመስለኛል፣ ቁርአን ይዞ ምሎልኛል፣ ግን አላመንኩትም፣ እሱም እኔን አላመነኝም፣ አሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል።

የዚያኑ ዕለት እትዬ ዘይነባ ደወሉ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ ልጄ፣ ካንቺ ጋር ነኝ አለችኝ እኮ፣ አንቺም አይዞዎት እትዬ ዘይነባ ስትዪኝ ድምፅሽን ሰምቼ ነው ሌሊቱን የተኛሁት» አሉኝ።

«በማን ስልክ ነው የደወለችው?» አልኳቸው።

«ባንቺ ነዋ።»

ስልኬን አየሁ፣ ያደረግኩት ጥሪ የለም። ሦስት ወር እንቅልፍ ላጡ እናት ምን ይባላል? «አዎ፣ እኔ ጋ ናት፣ ተኝታ ነው» አልኳቸው። አደራ የተቀበልኩት ሰው ነኝ፣ የት እንዳለች አላውቅም፣ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፣ ካለችም ከማን ጋር እንደሆነች አላውቅም፣ ከእኔ ጋር ናት ብያለሁ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም። ሁለት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ ባለፈው ዓርብ ቆረጥኩ፣ የመጣው ይምጣ፣ ሐዋ ጠፍታለች፣ እኔ ዋሽቻለሁ ብዬ ልነግራቸው ራሴ ደወልኩላቸው። ወዲያው አነሱት፣ እየሳቁ ነበር።

«አሁን እኮ ነው የዘጋነው እታለም፣ ምን ረስተሽ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልረሳሁም እትዬ ዘይነባ» አልኳቸውና ዘጋሁት።