መቶ በመቶ ተጠናቋል

ቲቶ የሞተው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲራገመው በኖረው ኮምፒውተር ፊት ነው። ሰበታ ዳር ያለው የሳሙና ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ማጅራቱን በከባድ የኤሌክትሪክ ስታቢላይዘር ተመትቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ይህን ኮምፒውተር ያዘመነ ወዮለት!»

ኢንስፔክተር ወርቅቱ ስትደርስ የመጋዘን ጸሐፊዋ ጣቢታ ካቴና ገብቶላት ነበር።

«ማን አሳሰራት?»

«እኔ» አለ ሥራ አስኪያጁ ዲሪርሳ። «አራት ሰዓት ላይ ስትጮህበት ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ከመጋዘን የወጣውም በእሷ ትእዛዝ ነው፤ ሲስተሙ ላይ ስሟ አለ። የሁለት ሠራተኛ እጅ አቃጠለች። ቲቶ ሲደርስባት ገደለችው። ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

«ለመፍረድ ሲቸግረኝ እጠራዎታለሁ።»

ወደ መጋዘን ኃላፊው ወደ ሽማግሌው ኦቦ ጉታ ዞራ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ?»

«ሬሳ አጠገብ ቆመሽ አካም ጂርቱ? ጉድ ነው!»

«ይህ ኮምፒውተር ለምንድን ነው የማይነካው?»

«ሲስተሙ የሚሠራው በሱ ብቻ ነዋ! ፕለጊን የምትባል ተቀጥላ አለች፤ ያለሷ ሲስተሙ አይከፈትም። የሌላው ኮምፒውተር ብራውዘር ሲታደስ ጊዜ ተቀጥላዋን አልቀበልም አለ። ይሄ ግን አልታደሰም። እና ሁላችንም እዚህ እየመጣን እንሰለፋለን። ያኔ ጣቢታ በስሟ ከፈተችው፤ ከተዘጋ ዳግም አይከፈትም ብለን ስለፈራን እስከ ዛሬ የዘጋው የለም።»

«ስለዚህ ማንም መጥቶ ዕቃ ቢያዝዝ በእሷ ስም ነው የሚመዘገበው?»

«እኔም ሆንኩ እሱ» አሉ በአገጫቸው ዲሪርሳን እየጠቆሙ። «የመኪና መውጫ ፈቃድ ብቻ ነው የሱን የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቀው።»

«አፍዎን ይሰብስቡ!» አለ ዲሪርሳ።

ወርቅቱ ጣቢታን ጠየቀቻት። «በምን ተጣላችሁ?»

«ዛሬ ፕለጊኑን እጠግነዋለሁ፣ ሁሉም በየስሙ ይገባል፣ ያንቺንም ስም አጸዳልሻለሁ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ዛሬ ስትል አልኩና ጮህኩበት። ትቼው ስወጣ በሕይወት ነበር! ከዱራሜ ድረስ የመጣሁት እጅ አቃጣይ፣ ነፍሰ ገዳይ ለመባል ነው?»

የገፈርሳ ገበሬ ልጅ የሆነችው ወርቅቱ ከሰው አፍ ይልቅ መሬት ላይ የቀረን ምልክት ማመን የለመደችው በልጅነቷ ነው። ጎንበስ ብላ አስከሬኑን አየች። የሟቹ ግንባር ላይ የኪቦርድ ቁልፎች ቅርጽ በረድፍ ታትሟል፤ ግንባሩ ያረፈው ግን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኪቦርዱ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል። በመካከላቸው ተስቦ የደረቀ ቀጭን የደም መስመር አለ።

«አቶ ዲሪርሳ፣ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሬሳው እስከተገኘበት እስከ አምስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። መኪና በር ላይ ጡሩንባውን ሲያንባርቅ አራት ከአርባ ላይ በራሴ ላፕቶፕ መውጫ ፈቃድ ሰጠሁት። ሲስተሙን ይመልከቱ፤ እሱ እንደ ሰው አይዋሽም።»

«በራስዎ እጅ?»

«የሚስጥር ቁጥሬን ለማንም አልሰጥም!»

ወርቅቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቢሮ ቢሮ ዞረች። ከዚያ ሁሉንም ዲሪርሳ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ቲቶ ሲመታ በግንባሩ ኪቦርዱ ላይ ወደቀ» አለች። «ኪቦርዱን ግን ከሥሩ ስቦ ያወጣ ሰው አለ። ሊጽፍበት ነዋ። ሬሳ አጠገብ የሚያጽፍ ምን ጥድፊያ መጣ? ኦቦ፣ መኪናው ፈቃድ አጥቶ ቢቆም የት ይሄዱ ነበር?»

«የት እሄዳለሁ? ፈቃዱ የሚሰጥበት እዚያው ኮምፒውተሩ ጋ!»

«በሩን ከፍተው ገዳዩን ከሬሳው ጋር ያገኙት ነበር ማለት ነው። ገዳዩም ይህን ስለሚያውቅ ፈቃዱን እዚያው ቆሞ ሰጠ።»

«ቅዠት! በላፕቶፔ ነው የሰጠሁት አልኩ!»

ወርቅቱ ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋችው። «ይክፈቱታ።»

ከፈተ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ «ፕለጊኑ ከዚህ ብራውዘር ጋር አይጣጣምም።» ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ቀይ።

«የግቢውን አሥራ አራት ኮምፒውተር ሞክሬያለሁ፤ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ቲቶ ጥገናውን ሳይጀምረው ነው የሞተው።»

«ተጠግኗል!» ጮኸ ዲሪርሳ። «ባለፈው ሳምንት ለዋናው መሥሪያ ቤት የሄደው ሪፖርት መቶ በመቶ ተጠናቋል ይላል!»

«ማን ጻፈው?»

ኦቦ ጉታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ልጄ! እዚህ ፋብሪካ ሪፖርት ሲታመን ገና ዛሬ አየሁ። እሱንም የጻፈው ይኸው ራሱ አቶ ዲሪርሳ!»

ወርቅቱ ከቲቶ መሳቢያ ያገኘችውን የጣቢታን የዕረፍት ፈቃድ ወረቀት ዘረጋች። «ኬሚካሉ የታዘዘበት ቀን ጣቢታ ዕረፍት ወጥታ ዱራሜ ነበረች። ቲቶ ይህን አግኝቷል። የምርት ዕቅዱንም መቶ በመቶ ለማለት ያንን ኬሚካል ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ በእሷ ስም ተሸሽገው። ጥገናው ያን መሸሸጊያ ሊያፈርስብዎት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተጠገነው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

ካቴናው ከጣቢታ እጅ ወጥቶ ዲሪርሳ እጅ ላይ ገባ። እሷ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። አስከሬኑ ወደተነሣበት ክፍል ገብታ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ቆመች። ስሟ ማያው ጥግ ላይ እንደበራ ነው።

«ልዝጋው?»

«ለማስረጃ ፎቶው ተነሥቷል። ዝጊው» አለች ወርቅቱ።

«ኧረ ተይ!» አሉ ኦቦ ጉታ ከበሩ። «ዳግም ባይከፈትስ?»

«አይከፈታ» አለች ጣቢታ፤ ስሟንም ዘጋች።