ሁለተኛዋ ገመድ

ልጆቼ፣ ተጠጉ። የምነግራችሁ እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት፤ በዕድሜዬ እምላለሁ። ዕድሜዬ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ስቆጥረው ሁለት ቀን ይፈጅብኛል።

እንዝርት የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እንዝርት ስሟ አይደለም፤ ተቀምጣ ስለማታውቅ ሰው ያወጣላት ነው። ቤቷ ከአንድ ትንሽ ክሊኒክ ጀርባ ነው። እናቷ ክሊኒኩ ፎቅ ላይ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትመረምራለች። እንዝርት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ምድር ቤት ካርድ ክፍል ትቆያለች።

ካርድ ክፍል የምትሠራው ዝምተኛ ወጣት ናት። ከተቀጠረች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ በሙከራ ላይ ናት። እንዝርት "እትዬ" ትላታለች። እትዬ ብስኩቷን ሁልጊዜ ለሁለት ትገምሳለች። ትልቁ ግማሽ የማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

በዚያ ክፍል መደርደሪያ ላይ ሁለት ጥቁር ሳጥኖች አሉ። አረንጓዴ መብራታቸው ቀኑን ሙሉ ይጠቃቀሳል። ትምህርት በሌለበት አንድ ቀን ጠዋት፣ እንዝርት እዚያው ሳለች፣ የክሊኒኩ የኮምፒውተር መስመር ጠጋኝ ሊያያቸው መጣ። ኪሱ ፒንሳ አጥቶ ስለማያውቅ ጋሽ ፒንሳ ይሉታል።

"ጋሼ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለች እንዝርት።

"ስዊች ይባላሉ። ፖስተኛ በያቸው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ አድራሻ አለው። እናትሽ የደም ውጤት ስትልክ በገመድ እዚህ ይመጣል። ሳጥኑ አድራሻውን አይቶ ለሐኪሙ ኮምፒውተር ያደርሳል። ላይኛው ሳጥን የፎቁ፣ ታችኛው የምድር ቤቱ ነው።"

"ሁለቱ ፖስተኞችስ እንዴት ይገናኛሉ?"

"በዚህች ገመድ። አንዲት ብቻ! እጅሽ እዚህ እንዳይደርስ።"

"እሺ ጋሼ።"

እሺ ማለት ቀላል ነው። እኔም በልጅነቴ በቀን አንድ ሺህ ጊዜ እል ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሥራ ፈትቶ የቆመውን ኮምፒውተር ከፈተችላት። ፎቅ ላይ ባለው ኮምፒውተር የእንስሳት ፊልም አለ፤ እንዝርት እሱን በገመዱ በኩል ታያለች። ግን ዝሆኑ ኩምቢውን ያነሳና ቀጥ ይላል። ያነሳና ቀጥ!

"አንዲት ገመድ ይህን ያህል ካመጣች፣" ብላ አሰበች፣ "ሁለት ገመድ እጥፍ ያመጣል!"

መሳቢያው ውስጥ ትርፍ ገመድ አለ። እትዬ ካርድ ስትፈልግ ጀርባዋን ሰጥታለች። ሰይጣን፣ ልጆቼ፣ በእጁ ገመድ አይሰካም፤ ያሰካል እንጂ። ቀጭ! አንዱ ጫፍ ላይኛው ሳጥን ላይ። ቀጭ! ሌላው ጫፍ ታችኛው ላይ።

መብራቶቹ አበዱ! ዝሆኑ ጠፋ። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ሁሉ ደነዘዘ። "የሕፃኑ ውጤት የት አለ?" ብሎ ሐኪሙ ጮኸ። እኔ ጥርሴን ታምሜ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። እናቷ ውጤት በወረቀት ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ አራት መቶ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። የበሽተኛው ሰልፍ ከበር ወጥቶ፣ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ የሚቀጥለው ከተማ ገባ። ራሱን አሞት የመጣ አንድ ሽማግሌ፣ ቆሞ ሲጠብቅ ራሱ ተሽሎት እግሩን አመመው።

እንዝርት ገመዱን ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። እጇን ወደ ኪሷ መለሰች።

"ማን ነው የነካው?"

እንዝርት መደርደሪያው ጎን ተሸጎጠች።

"አንቺ!" አሉ ወደ እትዬ ዞረው። "ክፍሉ ያንቺ፣ ቁልፉ ያንቺ!"

"ጌታዬ፣ እንኳን ልነካው አቧራውን የምጠርገው እየፈራሁ ነው።"

"ሦስት ሳምንት ሳይሞላሽ ክሊኒኩን ዘጋሽው! ዕቃሽን ሰብስቢ። ነገ እንዳትመጪ።"

"ዝም አይነቅዝም" ሲባል እንዝርት ሰምታለች። ስለዚህ ዝም አለች። እንዲህ ብሎ የተረተው ሰው ገመድ ሰክቶ አያውቅም። አዳምም ከዛፍ መካከል ተደብቆ ነበር፤ ምን አተረፈ?

ጋሽ ፒንሳ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ሳጥኖቹን አጠፋ፤ አበራ። ያው እብደት! "ከዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ገመድ የቱን ልፈትሽ? ዛሬ አልጨርሰውም" አለ።

እትዬ ኩባያዋንና ሹራቧን ፌስታል ውስጥ ከተተች። ሥራ አስኪያጁ አሁንም ይጮሃሉ። እሷ ግን እንዝርትን እያየች፣ "እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ፤ ልጅቷ ደነገጠች" አለቻቸው።

አያችሁ? ራሷ እየተባረረች ለእንዝርት ታስባለች!

ይህች ቃል የእንዝርትን አፍ ከፈተችው። "እኔ ነኝ!" አለች። "እትዬ አላየችኝም። እንዲፈጥንልኝ ብዬ ሁለተኛ ገመድ ሰካሁ!"

ጋሽ ፒንሳ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "በይ ንቀዪ!"

ነቀለች። መብራቶቹ ወደ ጥቅሻቸው ተመለሱ። ፎቅ የተጠራቀመው ውጤት ሁሉ ሐኪሙ ዘንድ ደረሰ።

"ስሚ" አለ ጋሽ ፒንሳ። "አንዱ ኮምፒውተር 'ሁላችሁም ስሙኝ' ሲል ፖስተኞቹ ጥሪውን ለሁሉም ያድላሉ። ሁለት መንገድ ስትሰጫቸው ጥሪው በአንዱ ሄዶ በሌላው ተመለሰ። እንደ አዲስ አደሉት። እንደገና ተመለሰ። አንዱ ጥሪ ሚሊዮን ሆነ፤ ለውጤቱ መንገድ ጠፋ። ቀድመሽ ብትነግሪን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።"

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። "ቤት እንነጋገራለን" አለች። ልጆቼ፣ ከዚህች ቃል የአንበሳ ጩኸት ይሻላል።

"ይቅር በይኝ እትዬ" አለች እንዝርት እያለቀሰች።

"ይቅር ብያለሁ። ግን አንቺ ልጅ፣ በጆሮዬ እንኳ ሹክ ብትዪኝ ምናለበት?"

ሥራ አስኪያጁ ፌስታሉን ከእትዬ እጅ ተቀብለው ወንበሯ ላይ አስቀመጡ። "ይቅርታ ልጄ፤ ሳላጣራ ፈረድኩ። ነገ በሰዓትሽ ግቢ" አሉ። እንዝርትም ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቅርታ ጠየቀች፤ የሚቀጥለውን ከተማ ጨምሮ።

ትምህርቱ ይህ ነው፤ ጥፋታችሁን ቶሎ ተናገሩ፣ የደበቃችሁት ጥፋት ንጹሕ ሰው ላይ ይወድቃልና።

ምያለሁና አንዲት ነገር ላርም። ሥራ አስኪያጁ ፌስታሉን መልሰው "ነገ በሰዓትሽ ግቢ" ማለታቸው እውነት ነው። "ይቅርታ" ግን አላሉም፤ ጉሮሯቸውን ብቻ ጠረጉ። ይቅርታዋን የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ።