«በእግዜር» የማይለው እንግዳ

ይህን ተረት ነው የሚል ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፤ ይለፈው።

እኔ ወሬ ለማሳመር የምጨነቅ ሴት አይደለሁም። የምነግራችሁ በእውነት የሆነውን ነው። ፎቶውንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ታሪኩ የኂሩት ነው። የቸርች እህቴ ናት፤ እዚህ ለንደን ሃክኒ አብረን እናመልካለን፣ ቤቷ ኤድመንተን ነው። ውሸት የፈለገ ሰው ሌላ ቤት ያንኳኳ፣ ኂሩት ዘንድ አያገኝም።

ደግሞ ሌሊት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ምናምን እንዳትሉኝ። ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ ነበር። ጀርመን አገር፣ ከላይፕዚግ በባቡር አንድ ሰዓት የምትርቅ ትንሽ የገጠር ከተማ። የሰመር ፀሐይ፣ ጠራራ!

ቤቱ የአጎቷ የስምዖን ነበር። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሄዶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ሲሞት ቤቱን ለወንድሙ ልጅ ለኂሩት ተወላት።

አያችሁልኝ? የመንግሥት ቤት ለማግኘት ካውንስሉን አሥር ዓመት ደጅ የጠናች ሴት፣ ጀርመን ሁለተኛ ቤት አገኘች። ቀናንባት፤ ለምን እዋሻለሁ።

ባለፈው ሰመር አባቷን ጋሽ ተክለአብን ይዛ ሄደች። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ደሴ ስንት ተማሪ ያወጡ መምህር፣ ሰው ሲገባ ብድግ ሳይሉ የማይቀበሉ የድሮ ጨዋ። ግን መርሳት ጀምረዋል።

ባሏ አሸናፊ ደግሞ በዚሁ ፊቱን አጥቁሮባታል።

«ሰመሩን አብረሻቸው ሆነሽ ቼክ አድርጊያቸው» አላት። «ደህና ከሆኑ እቤት ይቆያሉ። ካልሆኑ መስከረም ላይ የሽማግሌ መጦሪያ፣ ኬር ሆም እንዲገቡ አፕላይ እናደርጋለን። እኔ በቃኝ።»

«አባቴን ለባዕድ አስረክቤ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እናያለን።»

ነገሩ ይኼው ነው። አባቷን እቤቷ ማቆየት። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ሰፈሩ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠላቸው። ሰላም ሲሉት ፊቱን የሚያዞር ሕዝብ! ጎረቤቷ፣ ፍራው ክሩገር የምትባል አሮጊት፣ ቆሻሻ በተሳሳተ ቢን ጣላችሁ፣ እሁድ ልብስ አጠባችሁ እያለች በስልክ ትጽፍባታለች። ኂሩት በስልኳ እያስተረጎመች ታነባለች።

አንድ ቀን ግን እንዲህ ብላ ጻፈች...

«ወንበሮቹን አትንኩ። አጎትሽ በመጨረሻው ዓመት ቆሞ ነበር የሚበላው።»

ኂሩት ሳቀች። የፈረንጅ ነገር ብላ አለፈችው።

ሳሎኑ ውስጥ አራት ወንበሮች ነበሩ። ጋሽ ተክለአብ መስኮቱ ሥር ያለውን ወደዱት።

በሦስተኛው ቀን፣ አስር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ኂሩት ሽንኩርት ትከትፋለች። በሩ ዝግ ነው። አባቷ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ግማሽ ድረስ ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ወደ በሩ ነው የሚያዩት።

ማንም የለም...

እዚህ ለንደን ያደጋችሁ ልጆች አታውቁትም ይሆናል፣ ልንገራችሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስተህ «ኖር» ትላለህ። የገባው ሰው «በእግዜር» ይላል። ያኔ ትቀመጣለህ። ካልመለሰ ምን እንደሚደረግ ግን እኛንም ማንም አላስተማረንም።

ጋሽ ተክለአብ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ፊታቸው ተቋጠረ።

«ምን ዓይነት ስድ ነው? ኖር ሲሉት በእግዜር አይልም?»

«አባባ፣ ማንን ነው?»

«ቀስ በይ... ይሰማሻል።»

ወንበሩን ለቀቁ። ሄደው ሁለተኛው ላይ ተቀመጡ።

ኂሩት መክተፉን ተወች። ከፍርሃት አይደለም። አሸናፊ ይህን ቢሰማ ጉዷ ፈላ! ሲደውልም «እንዴት ናቸው?» አላት፤ «በጣም ደህና ናቸው» አለችው። ያቺ ውሸት የማታውቅ ሴት ዋሸች።

በማግስቱ፣ በዚያችው ሰዓት...

«ኖር!»

ሁለተኛውን ወንበር ለቀቁ። ከዚያ ሦስተኛውን። ከዚያ አራተኛውን።

ኂሩት ድካም ይዟት አንዱ ላይ ቁጭ ስትል ጮሁባት።

«ተነሺ! ሰው ላይ ተቀመጥሽ እኮ!»

በሳምንቱ አልጋቸውንም ለቀቁ። መሬት ላይ ጋቢ አንጥፈው፣ ክንዳቸውን ተንተርሰው አገኘቻቸው።

«አባባ! ምነው መሬት?»

«አልጋው ተይዟል።»

ፍራሹን ዳበሰችው። መሃሉ ጎድጉዷል... በዚያ ሙቀት በረዶ የነካች መሰላት። እጇን ቶሎ አነሳች።

«አባባ...» አለች በሹክሹክታ። «የሚመጣው አጎቴ ስምዖን ነው?»

ሽማግሌውን ገረማቸው።

«ስምዖን? ስምዖንማ ምን ወንበር አለው? ያው እዚያ ጥግ ቆሟል፤ አታዪውም?»

ጥጉን አየች። ምንም የለም። ግድግዳ ነው።

ያን ቀን «በኢየሱስ ስም!» እያለች ቤቱን ዞረች፤ መቃኑን ሁሉ ዘይት ቀባች። ለምን ቶሎ አልተመለሽም አልኳት እኔ። ብትመለስ አሸናፊ ምክንያቱን ይጠይቃታላ! አባቷን ለማትረፍ ብላ ቆየች። አይ ኂሩት...

ሊመለሱ አንድ ቀን ቀራቸው።

ጋሽ ተክለአብ ከጠዋት ጀምሮ ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። እግራቸው አብጧል።

«አባባ፣ ይቀመጡ እባክዎ። በሞቴ!»

«የት? ምን ተረፈኝ?»

አስር ሰዓት ከሩብ ሆነ።

«መጣ» አሉ። እጇን ጭምቅ አድርገው ያዙ። «ኂሩቴ... ዛሬ ኖር አልለውም። የምለቅለት የለኝም። አንቺም እንዳትዪው።»

ንዴት እንባዋን ቀድሞ መጣ። ስንት ቀን ነው ይህ ቤት አባቷን እንደ ውሻ መሬት የሚያስተኛው? ወደ በሩ ዞረችና ጮኸች።

«ኖር! በቃ፣ ኖር ብያለሁ! ይቀመጡና አባቴን ይተዉልኝ!»

«አንቺ ልጅ!» አሉ አባቷ። «ምን አልሽ...»

አልጨረሱትም።

እጇን ለቀቁ። ቀጥ ብለው ሄዱና መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ ያነከሰው ጉልበታቸው አላነከሰም። እግራቸውን አነባበሩ።

«አባባ?»

«ራበኝ» አሉ።

ኂሩት በደስታ አለቀሰች። ሞኝ አትበሏት፤ የታመመ አባት ያለው ያውቀዋል። ጓዝ ስትሸክፍ ቡናማ ሹራባቸው ጠፋባት። ሦስተኛውን ቁልፍ በቀይ ክር የሰፋችው እሷ ናት። ቤቱን ብታገላብጥ የለም።

«አያስፈልገኝም» አሏት።

መስከረም ላይ ከካውንስሉ ሶሻል ወርከር መጣች። ቀኑን ጠየቀች፣ ወሩን ጠየቀች፣ ከመቶ ወደ ኋላ አስቆጠረቻቸው። አንድም አልሳቱ። «እቤታቸው መኖር ይችላሉ» ብላ ጻፈች። አሸናፊ አፉን ያዘ።

ኂሩት አሸነፈች! ቸርች መጥታ ምስክርነት ሰጠች፤ እኔም እልል አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው።

ግን አባቷ «ኂሩቴ» ማለት ትተዋል። ጸሎት ሲያልቅ አሜን አይሉም። ሰው ሲገባ ብድግ አይሉም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰውን ያያሉ፤ ዓይናቸውን አያርገበግቡም።

አንድ ሐሙስ ኪችን ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ገቡ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አስር ከሩብ ይላል። እንደ ልማዷ ተነሳች።

«ኖር፣ አባባ።»

ዕድሜ ልኳን «በእግዜር፣ ቁጭ በይ ልጄ» ነበር የሚሏት።

ዛሬ «በእግዜር» የለም።

አዩዋት። ከዚያ የእሷን ወንበር ስበው ተቀመጡበት...

ስልኳ ጮኸ። ፍራው ክሩገር ናት። ቆማ አስተረጎመችው።

«አባትሽን ብቻውን ጥለሽ መሄድሽ ነውር ነው። ከሄድሽ ጀምሮ በመስኮት አየዋለሁ፤ አይቀመጥም። ዛሬ ደግሞ መስታወቱን እየመታ ስምሽን ይጠራል። ለፖሊስ ልደውል ነው።»

ከሥሩ ፎቶ አለ።

የአጎቷ ቤት መስኮት ነው። ከመስታወቱ ኋላ ሽማግሌ አሉ... የሚይዙት ወንበር ሳይኖር ግማሽ ድረስ ብድግ ብለዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል። ቡናማ ሹራብ ለብሰዋል። ሦስተኛው ቁልፍ በቀይ ክር የተሰፋ ነው።

ከኋላቸው፣ ጥጉ ላይ፣ ሌላ ሰው ቆሟል።

ፖሊስ ሰብሮ ገባ፤ ባዶ ቤት ነው አለ። ኂሩትም በማግስቱ በረረች። ሦስት ቀን ሙሉ «አባባ፣ መጥቻለሁ!» እያለች ክፍል ለክፍል ዞረች። የመለሰላት የለም። ለንደን ስትመለስ ፍራው ክሩገር ሌላ ፎቶ ልካላት ነበር። ያንን አላሳየችኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ኤድመንተን ሄድኩ። እኔን አስቀምጣ እሷ ቆማ ትበላለች። አጠገቧ ሦስት ባዶ ወንበር አለ።

«ተቀመጪ እንጂ!» አልኳት ተቆጥቼ።

«ዝም በይ... መጣ» አለችኝ።

አባቷን ነው። «መጡ» አላለችም።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ተክለአብ ገቡ። አዩኝ... ከዚያ ወንበሬን አዩ።

እናቴ በሥርዓት ነው ያሳደገችኝ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ በጥርሴ ነክሼ ያዝኩት። አላልኩትም። በጌታ ስም እምላለሁ፣ አላልኩትም።

ግን ወገቤ አልታዘዘኝም...

ግማሽ ድረስ ተነስቼ ነበር።