የዘጠኝ ሰዓት ሻይ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ማዳበሪያው ዘገየ፤ ዝናቡ አልዘገየም። በቆሎውን ጎርፍ ወሰደው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ጅጋ ገበያ የወጣ ሰው እስኪመለስ ቤተሰቡ በር በሩን ያያል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ፊደል ረሱ። ፍኖተ ሰላም ዳር ያለው አነስተኛ የትምህርት ፋኩልቲ ግን አስተማሪ ማሠልጠኑን አልተወም።

ዶክተር ገነነ የሞተው በፍልሰታ ጾም ነው። ፋኩልቲው ከኖርዌይ ጋር የሚያደርገውን የመምህራን ልውውጥ የሚመራው እሱ ነበር። ጠዋት ኖርዌዮቹ ለስብሰባ በኮምፒውተሩ ብቅ ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አዩት። ኔትወርኩ ተቋርጦ ምስሉ የቆመ መስሏቸው ትንሽ ጠበቁት። ኋላ መምህርት ያምሮት በሩን ከፍታ ጮኸች።

ኢንስፔክተር ክንዱ ሲደርስ ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር። ከሬሳው ፊት ግማሽ የተጠጣ ሻይ አለ፤ ብርጭቆው የተባይ መድኃኒት ይሸታል። ሻዩ የተቀዳበት ፔርሙዝ የወጣቱ መምህር የማህዲ ነው። ማህዲን ግቢው ውስጥ የተሰበሰበ ሰው ፊቱን አሳብጦ ለፖሊስ አስረክቦታል። በነጋታው ወደ ባሕር ዳር ሊላክ ተወሰነ። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ወሬ መሃል፣ ልጁ በሕይወት መድረሱን ማንም አይምልም።

ክንዱ የማህዲን አያት ያውቃል። በደርግ ጊዜ ለውትድርና ወጣት ሲታፈስ፣ አያትየው፣ የቡሬው ነጋዴ መሐመድአወል፣ ከጨርቅ መጋዘናቸው ደብቀውት ነበር። ተገረፉ፤ አላወጡትም። ከዚያ ወዲህ ክንዱ በየበዓሉ ይጠይቃቸዋል፤ የዚያን ቀን ውለታ ግን መልሶ አያውቅም። ስለዚህ ራሱን ፈራ። ዓይኔ ወደ ልጁ ያዳላል ብሎ፣ ከሁሉም አጥብቆ የመረመረው ማህዲን ነበር። ማህዲ ሻዩን ማምጣቱን አልካደም፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ያምሮት ግን አፏ አያርፍም።

«እኔን ይጠርጥሩኝ እንጂ ጋሽ ክንዱ። ትናንት ገነነን ከሰው ፊት ሰድቤዋለሁ።»

«በምን?»

«ኖርዌይ የምታስኬደዋን ወንበር ለማህዲ ሰጣት። የመጨረሻዋ ናት። ፈረንጆቹ በዚህ መንገድማ ከእንግዲህ በቃን ብለዋል።»

«ማህዲ ቢቀር ለማን ትደርሳለች?»

«ለመምህር ምስክር። እኔማ ሦስተኛ ነኝ፤ ለኔ ሁለት ሰው መሞት አለበት።» ሳቋ ወዲያው ከፊቷ ጠፋ። «ማህዲ ሻዩን የሚያመጣው ለእኛ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ስንቀምስ ትኩስ እንዳናጣ። እስከዚያ እሱም ከፊታችን ውሃ አይጠጣም።»

«ገነነስ ይጾም ነበር?»

«እሱ? ዓርብ በጠራራ ፀሐይ ጥብስ የሚያዝዝ ሰው!»

ምስክር ጠጉሩ የሸበተ መምህር ነው፤ ገነነንም ያስተማረ። ረጋ ብሎ ተናገረ። ገነነ ጠዋት ከፔርሙዙ ቀድቶ ሲጠጣ በዓይኑ ማየቱን ሁለት ጊዜ ደገመ። ሰው ሳይጠይቁት የሚደግመውን ነገር ክንዱ አይወድም።

ልቅሶ ቤት ሄደ። የሟች ሚስት ወለተ ሥላሴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ክንዱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስለ ጾሙ ጠየቃት።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አልቀመሰም» አለች። «ልጅ አልሰጠንም፤ ስለት ተሳለ። ፈረንጅ አገር የከረመ ሰው ብለው ይስቁብኛል ብሎ ደበቀ። ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬዋለሁ አለኝ፤ ያ ሰው ጠበል ሊያመጣለት። ባዶ ሆድህን ጠጣው ብሎታል።»

«ማን?»

«ስሙን አልጠራልኝም።»

ክንዱ ወደ ሟች ቢሮ ተመለሰ። ጠበል መሬት አይቀመጥም፤ ሰው ከሚረማመድበት አያድርም። ወንበር ላይ ወጥቶ የቁምሳጥኑን አናት ዳሰሰ። በነጭ ጨርቅ ከተጠቀለለ ዳዊት አጠገብ አንድ ሃይላንድ ቆሟል። ከታች ጥቂት እምነት፣ የቤተ ክርስቲያን አፈር፣ የደፈረሰበት ውሃ ቀርቶታል። አሸተተው፤ ያው የተባይ መድኃኒት ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም የማስተማር ልምምድ በሚደረግበት ክፍል ሰበሰበ። የባሕር ዳሩ ጉዞ በክንዱ ልመና እስከ ማታ ቆይቶለት፣ ማህዲም በፖሊስ ታጅቦ መጣ። ክንዱ ሌላ ሃይላንድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከቤተ ክርስቲያን ራሱ የቀዳው ነው። እነሱ ግን ያንን አያውቁም።

«ከሟች ዳዊት አጠገብ የቆመ ጠበል ነው። ጾመኞች ናችሁ፤ ቅመሱ።»

ወለተ ሥላሴ ተቀብላ ጠጣች። ያምሮት በመዳፏ ተቀብላ «ነፍሱን ይማር» አለች። ተራው ምስክር ጋ ደረሰ።

«እኔ ቀምሻለሁ።»

«ምኑን ቀመሱት?» አለች ያምሮት። «አሁን ከቅዳሴ አብረን ወጣን እኮ።»

ክንዱ ጠርሙሱን ከደነው።

«ይሄ ንጹሕ ነው» አለ። «ጾመኛ ጠበል እንቢ የሚለው በውስጡ ያለውን ሲያውቅ ነው። ሟች ይጾም ነበር፤ ሻዩን ከንፈሩም አልነካው። መርዙን የጠጣው ከጠበሉ ነው። ሸተተኝ ብሎ ጠበል የሚተፋ የለም። ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ከማህዲ ፔርሙዝ ሻይ ቀዳ፤ ግማሹን ደፋ፤ በቀረው ላይ መርዝ ጨመረ። ገነነ ሞቶ፣ ማህዲ ታስሮ፣ ወንበሯ ለተከታዩ ትደርሳለች። መምህር፣ ሻይ ሲጠጣ አየሁት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ምስክር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«በእኔ እጅ ነው ጠመኔ የጨበጠው» አለ። «ሦስት ጊዜ ‹ቀጣዩ የእርስዎ ነው› አለኝ። ቀጣይ እንደሌለ ሲያውቅ ለልጅ ሰጣት።» ወደ ሰሌዳው ዞረ። «ጠርሙሱን ጠረጴዛ ሥር ፈለግሁት፤ ከቆሻሻ መጣያ ፈለግሁት። እንዲያ ያከብረዋል አላልሁም።»

ወለተ ሥላሴ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ኖርዌዮቹ የኀዘን ደብዳቤ ጽፈው ልውውጡን ዘጉ። ማህዲም አልሄደም።

ምስክር በተያዘበት ዕለት ሳይመሽ ክንዱ ማህዲን ይዞ ቡሬ ወረደ። መሐመድአወል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ያበጠውን ፊት በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ማን እንደመታው አልጠየቁም።

«ግባ፣ ክንዱ። እህል ቅመስ» አሉ። «ያንተ ዕዳ ዛሬ አለቀ። የመቱትን ግን እንጃ።»

ሽሮ ቀረበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሉ። ማህዲ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ቢጠሩትም ማዕድ አልቀረበም።