ከስልኩ በላይ ያሉት ዓይኖች

መርካቶ ተወልጄ መርካቶ አድጌ «አፍ የለኝም» ብል ማን ያምነኛል? በአጎቴ በጋሼ ሽኩር የጨርቅ ሱቅ ስቆም፣ አንድ ሜትር በርካሽ ልትወስድ የመጣች ሴት ሦስት ሜትር ገዝታ፣ መርቃኝም ነው የምትሄደው። ጎረቤቱ ሁሉ «ከሀፍሷ ምላስ ይሰውረን» ይላል። አባቴ ፊት ግን ያ ምላስ ይተሳሰራል።

አባቴ ሐጂ ጠሀ ጅዳ ነው የሚኖሩት። ልጅ ሳለሁ ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው በስልክ ነው፤ መጀመሪያ በድምፅ፣ ኢሞ ሲመጣ ደግሞ በምስል። ላኩልኝ፣ አስተማሩኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ግን እፈራቸዋለሁ። አቅፎኝ የማያውቅ ሰው ቢቆጣ ምን እንደሚሆን በምን ላውቅ? ለእሳቸው የምናገረው ሁልጊዜ ያው ነበር፤ «እሺ አባባ»።

2010 ላይ ጋሼ ሽኩር አዲስ ነገር አመጡ። ዘመድ ሁሉ ባለበት ሆኖ በቪዲዮ ይሰብሰብ አሉ። ጁምዓ ከሶላት መልስ ከሱቁ ጀርባ ያለችው መጋዘን ውስጥ እንቀመጣለን፤ ጅዳ አባቴ፣ ዱባይ ደግሞ ለአጎቴ ጨርቅ የሚልኩት ሰዎች ይገባሉ። ችግሩ ኔትወርኩ ነው። መጋዘኗ ውስጥ የሚይዘው በሩ ጋ ብቻ ነበር፤ ለዚያውም ስልኩ ከፍ ብሎ ከተያዘ። ስለዚህ አጎቴ ስልክ የሚይዝ ሰው አስመጡ። ሱፍያንን።

ሱፍያንን ቀድሜ አውቀዋለሁ። ሲኒማ ራስ ጋ ከአጎቴ በተከራያት ጠባብ ሱቅ ሞባይል ይጠግናል። አንድ ቀን ስልኬ ሻይ ውስጥ ገብቶብኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። አገላበጠና፣

«ሻዩ ስኳር ነበረው?» አለኝ።

«ምን አገባህ?»

«ስኳር ካለው ይጣበቃላ። ሥራው ይበዛል።»

«ሦስት ማንኪያ ነው የምጠጣው» አልኩት ተናድጄ።

«ኧረ በአላህ! እና ነው እንዲህ የጣፈጥሽው?» አለና ወዲያው ፊቱ ደም መሰለ። ሊለው አላሰበም፤ አመለጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ ሰበብ እየፈለገ ይበላሽ ጀመር።

ስብሰባው ላይ ሱፍያን በሩ ጋ ይቆማል። ስልኩን ወደ እኛ አዙሮ ከፍ አድርጎ ይይዛል። እኛ የአባቴን ፊት እናያለን፤ እሱ ከስልኩ ጀርባ እኛን ያያል። እናቴና አጎቴ አባቴን የማይ ይመስላቸዋል። እኔ የማየው ግን ከስልኩ በላይ ያሉትን ሁለት ዓይኖች ነው። ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ ዘመድ ለቅሶ ሲወራ እኛ እንዲህ ስንተያይ ከረምን። አንድ ቀን አባቴ «ሀፍሷ ለምንድነው ወደ ላይ የምታዪው?» ሲሉኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። መርካቶ ዝም አይልም። ጋሪ ገፊው «ዞር በሉ!» ይላል፤ ወያላው «መሳለሚያ! መሳለሚያ!» ይላል። ያ ሁሉ ጩኸት ጅዳ ሲደርስ አባቴ ይናደዳሉ። ስለዚህ የእኛን ድምፅ ዘግተን እናዳምጣለን። ከእኛ የሚናገር ሲኖር ከስልኩ ሥር የሚቀመጡት ጋሼ ሽኩር ጣታቸውን ዘርግተው ይከፍቱታል፤ ሲጨርስ ይዘጉታል።

አንድ ሐሙስ እናቴ ሐጀራ ጠራችኝ። «ነገ አባትሽ ይጠይቁሻል። ጨርቅ ለሚልከው ለዱባዩ ልጅ፣ ለኢስሀቅ ሊሰጡሽ ነው» አለችኝ።

«እማ፣ ምን ልበል?»

ሻርፗን አስተካከለች። «ምንም። የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው ይባላል። ዝም ማለት ነው።» ፊቷን አዙራ ነው ያለችኝ።

ወደ ሲኒማ ራስ በረርኩ። ለሱፍያን ስነግረው የያዘው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

«አንድ ነገር በላ!» አልኩት።

«ምን ልበል ሀፍሷ? አባት የለኝ፣ አጎት የለኝ። 'ስልክ ያዣችሁ ነኝ፣ ልጃችሁን ስጡኝ' ልበል? ጋሼ ሽኩር የዚያኑ ቀን ከሱቁ ያባርሩኛል።»

«ፈራህ ማለት ነው።»

«ፈርቻለሁ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «አንቺስ?»

«እኔማ ሞቻለሁ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ሁላችንም ቦታችንን ያዝን። ሱፍያን በሩ ጋ ቆመ። ጅዳ ገባ፤ ዱባይ ገባ። ኢስሀቅ ከወንድሙ ጋር ነጭ ለብሶ ተቀምጧል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አላውቀውም። ሰላምታው አለቀ፤ ጋሼ ሽኩር ድምፁን ዘጉት። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሀፍሷ ልጄ፣ ለኢስሀቅ ልሰጥሽ አስቤያለሁ። አንቺን ሳልጠይቅ አይሆንም። ትፈቅጂያለሽ?»

ሻርፔን አፌ ላይ ጨብጬ ቀና አልኩ፤ ከስልኩ በላይ ያሉት ዓይኖች እኔ ላይ ነበሩ። በሕይወቴ ለአባቴ ብዬው የማላውቀውን ቃል ተናገርኩ።

«አልፈልግም አባባ። ይቅር ይበሉኝ፣ አልፈልግም።»

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። አጎቴ ደርቀው ቀሩ። የአባቴን ቁጣ ስጠብቅ እሳቸው ፈገግ አሉ።

«ዝም አለች፤ አፈረች። ማሻአላህ! ዝምታዋ ፈቃዷ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ዱባዮቹ።

ምን ተፈጠረ? ስልኩን አየሁ። የድምፁ ምልክት ቀይ ነው፤ አልተከፈተም። ጋሼ ሽኩርም አይተውታል። ጣታቸው ወደ ስልኩ ተዘረጋ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ጭናቸው ላይ አረፈ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ለዱዓ ከፍ አደረጉ። አጎቴ! በጆሯቸው የሰሙኝ አጎቴ!

መጮህ ፈለግኩ። ብጮህስ ጅዳ ማን ይሰማኛል? ከዱዓው በኋላ ያለው ሁሉ ታየኝ፤ ዘመድ ይደወልለታል፣ ቀን ይቆረጣል፣ የአባቴ ቃል ደግሞ ተመልሶ አያውቅም። በቁሜ ተቀበርኩ።

ሱፍያን ስልኩን ወደ ራሱ ዘንበል አድርጎ አየው።

«አንተ! ቀጥ አድርገህ ያዝ!» አሉት ጋሼ ሽኩር፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

አጎቴን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ቀዩን ምልክት ነካው። የመርካቶ ጩኸት በአንድ ጊዜ ጅዳ ገባ፤ አባቴ ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ» አለ ከስልኩ ጀርባ። «ድምፁ ተዘግቶ ነበር። እሷ ተናግራለች።»

«ማነው እሱ?»

«ምንም አይደለም ሐጂ፣ ስልክ ያዡ ነው!» አሉ አጎቴ።

«ተናግራለች? ሀፍሷ፣ ምን አልሽ ልጄ?»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። አሁን ዱዓ ተጀምሯል፤ አሁን ሰው ተደስቷል። ሻርፔን ከአፌ ላይ አንስቼ ደገምኩት።

«አልፈልግም አባባ።»

የዱባዮቹ ምስል ድርግም ብሎ ጠፋ። አባቴ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሰው ፊት? ቃል ሰጥቼ፣ ሰው ፊት አዋረድሽኝ?»

ያ የፈራሁት ድምፅ መጣ። አንገቴን ደፋሁ፤ እንባዬ እጄ ላይ ይንጠባጠባል።

«ጠሀ» አለች እናቴ።

እናቴ ባሏን በስማቸው ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ «ሐጂ» ነው። ሁላችንም ዞርን።

«እኔም ላንተ ስጠየቅ ዝም አላልኩም ነበር» አለች። «ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ 'አልፈልግም' ብያለሁ። አክስቴ አፌን ያዘችኝ። ውጪ ያሉት 'ዝም አለች' ብለው ዱዓ አደረጉ።»

«ሐጀራ... ይህን ሁሉ ዘመን?»

«አንተ ደግ ሆንክልኝ፤ ዕድሌ ነው። ወደድኩህም፣ አላህ ያውቃል። ልጄን ግን ለዕድል አልሰጥም።»

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ግን የሙስበሃው ዶቃ በአባቴ ጣቶች መሃል ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። እናቴ ክንዴን አልለቀቀችም። ከዚያ አባቴ ዓይናቸውን ጠራረጉና፣

«የዚህ ስልክ ያዥ እጅ ለምንድነው የሚንቀጠቀጠው?» አሉ። «ራሴን አዞረኝ እኮ።»

አጎቴ ሊመልሱ ሲሉ አባቴ ቀደሟቸው።

«አዙረውና ልይህ።»

ሱፍያን ስልኩን ወደ ራሱ አዞረ። አባቴ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት በፍርሃት የነጣ ፊት ነው።

«ስምህ ማነው?»

«ሱፍያን።»

«የማን ልጅ ነህ?»

እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ልጅ ሊጠይቅ ለመጣ ነው እንጂ ለማንም አይጠየቅም። የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የመጡበትን መንደር እየተርበተበተ ተናገረ።

«ሽማግሌ የሚልክልህ አለ?»

«የለኝም ሐጂ።»

«እኔ ፈልጌ እልክለታለሁ» አለች እናቴ ከኋላ።

«እንግዲያስ ሽኩር ጋ አይላኩ» አሉ አባቴ። «በዚሁ በስልክ፣ እኔ ጋ ይምጡ። ልስማቸው።» ይህን እንዳሉ ስልኩ ተዘጋ።

ጋሼ ሽኩር ተነሡ። «ሱቄን እስከ ወር መጨረሻ ልቀቅልኝ!» ብለውት፣ የጨርቁን ጣቃ እየገፉ ወጡ። ሱፍያን ስልኩን እንደያዘ በሩ ጋ ቆሞ ቀረ።

«ና ተቀመጥ ልጄ» አለችው እናቴ።

መጥቶ ፊት ለፊቴ አንድ ጣቃ ላይ ተቀመጠ። መካከላችን ስልክ የለም፤ አጎቴ የሉም። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«ሀፍሷ» አለኝ በሹክሹክታ። «የአባቴን ስም ስጠራ ተሰማ?»

«ተሰማ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ።