የአዮ ሳሊሀ ግድግዳ

ስለ መኪና አቋቋም ላወራችሁ ነው። እኔ መኪና የለኝም። መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና ክፉ ሲናገር ቅናት ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ቅናትም አለበት። ቢሆንም ስሙኝ።

ስሜ አብሳሎም ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የሱቆቹን ግድግዳ ተደግፋ የቆመች በእግር የምትዞር የስፌት ማሽን አለችኝ። ልብስ ሰፊ አንገቱን ደፍቶ ስለሚውል የሚያየው እግር ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰፈሩን ሰው በአረማመዱ ለይቼዋለሁ። ፈተና ያለበት ተማሪ እንዴት እንደሚረግጥ፣ ቡናውን ሸጦ አዲስ ጫማ ያደረገ ገበሬ እንዴት ጭቃ እንደሚመርጥ አውቃለሁ።

በቀኜ የቲጃኒ ሱቅ ነው፣ በግራዬ የጀቤሳ። ሱቆቻቸው ምስማርና ቆርቆሮ ይሸጣሉ፣ የሰዎቹ ሐሳብ ግን ቡና ላይ ነው። የቡ በምትባለው ከተማ በአንድ ወንበር ተምረዋል፣ ጅማ በአንድ ሰሞን ገብተዋል፣ ሚስትም ያገቡት በአንድ ወር ነው። ቲጃኒ ሱቁን አረንጓዴ ሲቀባ ጀቤሳ የባሰ አረንጓዴ ቀባ። ጀቤሳ በሩ ላይ አምፖል ሲሰቅል ቲጃኒ እየበራ የሚጠፋ ሰቀለ። እኔ መሃል ተቀምጬ በሁለቱም እቀና ነበር፤ እንዳላዳላ ብዬ።

ከሱቆቹ ጀርባ አዮ ሳሊሀ ይኖራሉ። አዮ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ነገር ግን በጅማ ቡና ነጋዴ ዘንድ የእሳቸውን ያህል የሚታመን ሰው የለም። ጀንፈል ቡና፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀው፣ ሲመጣላቸው አንድ ጭብጥ ያነሱና ጆሯቸው ሥር ያንሿሹታል። «ይሄ ደርቋል፣ ግዛ» ይላሉ። ወይም «ይሄ ሦስት ፀሐይ ይቀረዋል፣ ለባለቤቱ መልስለት።» እርጥበት መለኪያ የገዛ ነጋዴ እንኳ መለኪያው መዋሸት አለመዋሸቱን የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

ሥራቸው ያለው በሱቆቹ መጨረሻ ባለው መጋዘን ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ይሄዳሉ። በትር አይዙም። ግራ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያደርጉና በር ይቆጥራሉ። አንደኛው ሻይ ቤቱ፣ ሁለተኛው መድኃኒት ቤቱ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው የቲጃኒ፣ ስምንተኛው የጀቤሳ፣ አሥራ አንደኛው መጋዘኑ። መዳፋቸው ከሚያልፍበት ብዛት ግድግዳው በደረታቸው ቁመት ልክ ልሙጥ ሆኗል። እኔ ጋ ሲደርሱ «አብሳሎም፣ አለህ?» ይላሉ። «አለሁ አዮ።» «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ።

ልጃቸው ናኢማ አስተማሪ ናት። ጥቅምት ላይ እናቷ ክዳን በሌለው ቦይ ወድቀው ጉልበታቸው ተልጦ ነበር። ያን ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «አዮ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከወደቅሽ ወንድሜ አዳማ ይወስድሻል። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ቁጭ ትያለሽ» አለቻቸው። አዮ ሳሊሀ በማግስቱ ከወትሮው ቀደም ብለው ወጡ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ቲጃኒ መኪና የገዛው። ነጭ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ታበራለች። አስፋልቱ ላይ እንዳያቆማት ባጃጅ ይጭርብኛል አለ። ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ባለው ሜዳ እንዳያቆማት ፀሐይ ቀለሟን ይበላብኛል አለ። ስለዚህ የእግረኛው ንጣፍ ላይ አወጣትና አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ፣ ቂጧን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አድርጎ ከሱቁ ጥላ ሥር አስገባት። ሱቁ ሁለት በር ነበረው፤ አንዱን ለመኪናው ሲል ዘጋው። እኔ አንድም በር የለኝም። ያን ቀን የአንድ ደንበኛ ሱሪ እጅጌ አውጥቼለት ዋልኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ኪሱን ግን ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጀቤሳ ደብል ጋቢና ገዛ። ጀቤሳ መጀመሪያ ላይ ጨዋ ሰው ነበር፤ መኪናውን ከማደያው ጀርባ ያቆም ነበር። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ መናገር አለብኝ። አንድ ቀን በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ፣ አንገቴን ሳላቀና፣

«ጥሩ መኪና ነው አሉ የገዛኸው» አልኩት።

«አሉ? አላየኸውም እንዴ?»

«የት አያለሁ? ከአደባባዩ የሚታየው የቲጃኒ ብቻ ነው።»

ሻዩን አስቀመጠ። «የእኔ እኮ የሱን ሁለት እጥፍ ነው!»

«ይሆናል። ሜዳ ለሜዳ የቆመ ነገር ያንሳል።»

ለምን አልኩት? ሁለቱ ሲጣሉ ማየት ስለፈለግሁ ነው። ሁለት ባለመኪና ከሚስማሙብኝ ሁለት ባለመኪና ቢጣሉልኝ ይቀለኛል። ቅናት እንዲህ ናት፤ ራሷ የምትጋልበው አጥታ ሌላውን ትኮረኩራለች።

በማግስቱ ደብል ጋቢናው በግራዬ ንጣፉን ሞልቶ ቆመ። እኔ በሁለት መኪና መሃል ገባሁ። እግር ማየት አቆምኩ፤ ጎማ ማየት ጀመርኩ። እግረኛው ከሻይ ቤቱ እስከ ቲጃኒ በንጣፍ ይመጣና ከዚያ አስፋልት ላይ ወርዶ ከባጃጅ ጋር ይጋፋል። ልጅ ያዘለች ሴት ትወርዳለች፣ ተማሪ ይወርዳል፣ ሽማግሌ ይወርዳል። ሁሉም ወርደው ያልፋሉ፣ ማንም አይናገርም። እኛ አገር ሰው ከባለመኪና ጋር አይከራከርም።

እስከዚያ ቲጃኒ መኪናዋን የሚያመጣት አዮ ሳሊሀ ጠዋት ካለፉ በኋላ ነበር፤ ቦታው እንዳይወሰድበት እዚያው ማሳደር ሲጀምር ግን መዳፋቸው ቆርቆሮዋን ነካና ቆሙ።

«ቲጃኒ! ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪና ነው አዮ። ገዛሁ እኮ፣ ማሻአላህ አይሉኝም?»

«ማሻአላህ። ግድግዳው የት ሄደ?»

«አለ፣ የት ይሄዳል። ዞር ብለው ይለፉ፣ ሁለት እርምጃ ነው።»

«ለአንተ ሁለት ነው ልጄ። እኔ ግድግዳ ከለቀቅሁ የት እንዳለሁ አላውቅም።»

ቲጃኒ አፈረ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ወደ ጀቤሳ መኪና አየና ቁልፉን መለሰው። «እኔ ካነሳሁ እሱ ቦታውን ይይዘዋል አዮ። እሱ ያንሳ፣ ወላሂ አነሳለሁ።»

ጀቤሳ ከሱቁ በር ላይ፣ «መጀመሪያ ያወጣው ማን ነው? የጀመረ ይጨርስ!» አለ።

ከሰዓት በኋላ ናኢማ ከትምህርት ቤት ቀጥታ መጣች፤ እጇ ላይ ጠመኔ ነበር።

«መንገዱ እኮ የመኪና ማደሪያ አይደለም። ሰው የሚሄድበት ነው የተሠራው።»

«የራሴ ሱቅ ፊት ነው» አላት ጀቤሳ።

«ሱቁ ያንተ ነው። ፊቱ የሁሉ ነው። እናቴ የምትሄድበት ሌላ መንገድ የላትም።»

«እሺ፣ ቲጃኒን አናግሪው።»

ቲጃኒን አናገረችው። ጀቤሳን አናግሪው አላት። ወደ እኔም ዞረች፤ እኔ ክር በመርፌ እያስገባሁ ነበር። አንድ ክር ለማስገባት ያን ያህል ጊዜ ፈጅቶብኝ አያውቅም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አደረ። ጠዋት አዮ ሳሊሀ ስድስት በር ቆጥረው መጡ፤ ቆርቆሮውን ነኩ፤ የቲጃኒን መኪና በእጃቸው እየዳበሱ አስፋልቱ ላይ ወረዱ። «አብሳሎም፣ አለህ?» ሲሉ ሰማሁ። «አለሁ አዮ» አልኩ፤ ድምፄ የመጣላቸው ግን ከመኪኖቹ መሃል ነው፣ ከየት እንደሆነ አልለዩትም። ድምፄን ፈልገው ዞሩ። ሲዞሩ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። አንድ ባጃጅ በቀስታ እየመጣ ነበር፤ ነጂው ልጅ ፍሬን ያዘ፣ እርጥቡ አስፋልት ግን አልያዘለትም። ጎኑ ገፋቸው። በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ።

ስንደርስ አላለቀሱም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ስንተኛው በር ላይ ነኝ?»

አስፋልት መሃል በር የለም።

የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ ቡና የሚያንሿሹበት እጅ። ናኢማ ለወንድሟ ደወለች።

በሦስተኛው ቀን ልንጠይቃቸው ሄድን። ቲጃኒ ስኳርና ዘይት ይዟል። ጀቤሳ በር ላይ አይቶት ተመልሶ ሄደና ሁለት ስኳርና ሁለት ዘይት ይዞ መጣ። እኔ ጫፉ የተዘመዘመ ሻሽ ይዣለሁ። ተቀመጥን።

«አዮ፣ ከዛሬ ጀምሮ በመኪናዬ እወስድዎታለሁ። በር ድረስ» አለ ቲጃኒ።

«የእኔ ይሻላል፣ ሰፊ ነው» አለ ጀቤሳ።

«ያንተ ከፍ ይላል፣ አሮጊት እንዴት ትወጣበታለች?»

«ደግፌ አወጣቸዋለሁ! እጃቸውን እኔ ነኝ የምይዘው።»

«ዝም በሉ፣ ማሎ፣ እባካችሁ» አሉ አዮ ሳሊሀ። «እጃችሁን አልፈለግሁም። ግድግዳዬን መልሱልኝ።»

ከዚያ በግራ እጃቸው ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ፍሬ ጀንፈል አነሱና አንሿሹት።

«ሰማችሁት? ይሄ የሚጮኸው ውስጡ ቦታ ስላለው ነው። እርጥቡ ቦታ የለውም፤ ተጣብቆ ዝም ይላል። ዝም ያለው ነው የሚሻግተው። አዳማ ሄጄ ፎቅ ላይ ልቀመጥ? ተመችቶኝ ልሻግት?»

ናኢማ ፊቷን አዞረች። «አንድ ጊዜ» አለች። «ቅዳሜ። ከኋላሽ እሄዳለሁ፣ አልይዝሽም። ከአንደኛው በር እስከ አሥራ አንደኛው መንገድሽ ክፍት ከሆነ ትቀሪያለሽ። አንድ ነገር ከዘጋብሽ እሁድ አዳማ ነሽ።»

ዓርብ ቀን ሁለቱም ሞተር አስነሱ። አስነስተውም ቁጭ አሉ። ቲጃኒ በመስታወት ጀቤሳን ያያል፣ ጀቤሳ ቲጃኒን። ነዳጅ ተቃጠለ። በመጨረሻ ጀቤሳ ወደ ኋላ ሄደና ወጣ። «ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ምስክር ሁን!» አለኝ። ቲጃኒ መቀደሙ አንገበገበውና የጎማውን እድፍ ከንጣፉ ላይ በውኃ ማጠብ ጀመረ። ጀቤሳ ሳሙና ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ የጸዳ መንገድ ጅማ አይታ አታውቅም። ቲጃኒ የተዘጋውን በር ከፈተው። እኔ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁባቸው።

ቅዳሜ ሰዉ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆመ። አዮ ሳሊሀ ቀኝ እጃቸውን በጀሶ አስረው፣ ግራውን ግድግዳው ላይ አድርገው መጡ። ናኢማ አምስት እርምጃ ከኋላ ናት። አንድ። ሁለት። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ እንኳ አልተንኳኳም። ስድስት። ሰባት። ቲጃኒ «አላሁ አክበር» አለ በሹክሹክታ።

ከሰባተኛው በር ሦስት እርምጃ አልፈው እጃቸውን ከግድግዳው አነሱ። ወደ ቀኝ ዞር አሉ።

«ለምን ለቀቅሽው?» አለች ናኢማ።

«ልማድ ነው።»

«ምን አለ እዚያ?»

አዮ ሳሊሀ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብሳሎም ነው። ሰው እኮ ነው፣ ዕቃ አይደለም።»

ናኢማ ተመለከተችኝ። መንገዱ ሁሉ ተመለከተኝ። ማሽኔ፣ ጠረጴዛዬ፣ በርጩማዬ፣ የጨርቅ ከረጢቴ፤ ሁሉም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው። ዘጠኝ ዓመት እኔ ጋ ሲደርሱ ግድግዳ እየለቀቁ ዞረውኛል። «አለህ?» የሚሉኝ ለሰላምታ መስሎኝ ነበር። ለካ እንዳይጋጩብኝ ነው።

ተነሳሁ። ማሽኗን አቀፍኩ፤ ብረት ናት፣ አልተነቃነቀችም። ጀቤሳ በአንድ ጎን ያዘልኝ፣ ቲጃኒ በሌላው።

«ጀቤሳ፣» አልኩት ጎንበስ ብለን ሳለን፣ «መኪናህ ከአደባባይ አይታይም ብዬ ያስቀናሁህ እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ዝም ብለህ አንሳ።»

አዮ ሳሊሀ ግራ እጃቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ጠበቁን። ማሽኗን ቲጃኒ ሱቅ ስናስገባ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ መለሱ። ቆም አሉ።

«እዚህ ጋ ይኮሰኩሳል» አሉ። ከዚያ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥራ አንደኛው በር ላይ ናኢማ ደረሰችባቸው፤ ሻሻቸውን አስተካከለችላቸው።

ዛሬ የምሰፋው በቲጃኒ ሁለተኛ በር ውስጥ ነው። ጀቤሳ ሲሰማ መስኮት ያለበት ጥግ እሰጥሃለሁ ብሎ አኩርፏል፤ ፉክክሩን አይለቀውም። መኪኖቹ ከማደያው ጀርባ ጎን ለጎን ይውላሉ፤ ቀለማቸውም እስካሁን አለ። የአዮ ሳሊሀ እጅ ትንሽ ጠምሞ ገጥሟል፤ ቡና ያንሿሹበታል።

ወገኖቼ፣ መንገድ ላይ ያቆማችሁትን ነገር ስታዩ «ዞረው ይለፉ» አትበሉ፤ ለአንዱ ሁለት እርምጃ የሆነው ለሌላው አዳማ ነው። መኪና የለንም ብላችሁም አትኩሩ። አንድ ጠዋት መዳፋችሁን ግድግዳ ላይ አድርጉና ከቤታችሁ እስከ ሥራችሁ ሂዱ። የሚያቆማችሁ ነገር የማን እንደሆነ እዩ። እኔ ሳይ የራሴ ሆኖ አገኘሁት።

ማሽኔ የነበረችበትን ቦታ አልፎ አልፎ በእጄ እነካዋለሁ። ልሙጥ መሆን ጀምሯል።